ለካፖርትና ለጫማ ሲቀነስ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3/2005። ጠዋት 1 ሰ.

ተመዘንን። እኔ 94፣ ከድር 97። የቡና መጋዘኑ በር ለሰው ገና አልተከፈተም። ሻጭ የለም፤ ትልቁ ሚዛን ሥራ ፈቶ ቆሟል። ከድር ጫማውን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ ወጣበት። እኔ ካፖርቴንም ቦቲዬንም አላወለቅኩም። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ደጁ ጭቃ ነው፣ ሲሚንቶው በረዶ። መርፌው 96 ላይ ቆመ። ለካፖርትና ለጫማ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ ሻጭ ቡና ሲያመጣ ለጆንያው እንደምንቀንሰው። ከድር ሳቀብኝ፤ ራስህን ጆንያ አደረግከው አለኝ። ጻፍኩት፦ 94።

ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩብሽ ዝናብና የቡና እርጥበት ነው። ከዛሬ ወዲያ ሆዴን ትሸከሚያለሽ። ይቅር በይኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድር ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነው። ባጃጅ ተራው አጠገብ ሱቅ አለው። ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ደግሞ ከወንድሙ ጋር ትንሽ የቡና መሬት አላቸው፤ ሲደርስ ለእኛ መጋዘን ነው የሚያስገቡት። ባለፈው ሳምንት አብረን ሆስፒታል ሄድን። ሲስተር ገነት ስኳርዎ አፋፍ ላይ ነው አለችው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ክብደት ካልቀነሰ መድኃኒት ሊጀምር ነው። አባቱን የገደላቸው ስኳር ነው፤ ፈርቷል። የኔው ደግሞ የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም። ለሁለታችንም የካሎሪ ሠንጠረዥ ያለባት ትንሽ መጽሐፍ ሰጠችን።

ወደድኳት መጽሐፏን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡና መዛኝ ነኝ፤ ቁጥር እወዳለሁ። ከድር ሱቅ በር ላይ ቆሜ አወጅኩ፦ በቀን 1500፣ ከየትም ይምጣ። ኪሎ ኪሎ ነው፤ ካሎሪም ካሎሪ ነው። ከድር ትንሽ አሰበና፣ አንድ ኪሎ ቀይ እሸት ቡናና አንድ ኪሎ የደረቀ ጀንፈል አንድ ናቸው ወይ አለኝ። ሚዛን ላይ አንድ ናቸው አልኩት። ስኒ ላይስ? አለ። ተናደድኩ። እሱ የሚስቱን ምግብ አሳንሶ ሊበላ፣ እኔ በቁጥር ልበላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልንተያይ ተባብለን ተለያየን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ችግር መጣ። መጽሐፏ ውስጥ ቆጮ የለም። ጎደሬ የለም። ሌላው ሥራ ሥር፣ ቦዬም የለም። የማላውቀው ዓሣና የማላውቀው አይብ ግን ሞልቷል። ባለቤቴ አስካለ ለምሳ ቆጮ በጎመን አቀረበች። ስንት ካሎሪ ነው? እንጃ። ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። የኔ እጅ ቁጥር የለውም ማለት ነው? አለች። 

የብስኩት ቁጥሩ ግን ጀርባው ላይ ታትሟል! ለስላሳም መጽሐፏ ውስጥ አለ። ስለዚህ፦ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ። ምሳ ሁለት እሽግ ብስኩትና አንድ ለስላሳ። ራት አንድ እሽግና ሻይ። ቢደመር 1500 አያልፍም። ንጹሕ ሒሳብ።

አስካለ ድርሻዬን ለዶሮዎቹ ሰጠችው። እየሰጠችም ወደኔ አላየችም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

መርፌው 94፣ ተቀንሶ 92። በሳምንት ሁለት ኪሎ! ከድር 96፤ አንዲት ኪሎ። ቀኑን ሙሉ አወራሁ፤ ለተሸካሚዎቹ፣ ለባጃጅ ነጂዎቹ፣ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ። ከድርንም፣ አንተ ባቄላና ጎመንህን እያመነዠክ ኑር አልኩት። እንደ ልማዱ ሳቀ። እሱ ሰው አይቀየምም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ አፈርኩ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

አንድ ሽማግሌ ሦስት ጆንያ እሸት ይዘው መጡ። ትንሽ ጥሬ ተቀላቅሎበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ አባቴ ይቺን ለቅመው ያውጡልኝ ብዬ ጥላ ሥር አስቀምጣቸው ነበር። ዛሬ ጮህኩባቸው። አንተ አልኳቸው። አንተ! አባቴ የሚሆኑትን ሰው። ጎንበስ ብለው ይለቅሙ ጀመር። ራሴን ያዞረኛል፣ ሆዴ ይጮኻል። ብስኩቱ ከገባ አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ይወቅ።

ስወጣ መንገድ ዳር ሙዝ ገዛሁ። ፊቴን ወደ አጥር አዙሬ፣ ቆሜ በላሁ። ስንት? አልቆጠርኩም። እኔ! ከዚያ ሻይ ቤት ገብቼ ዳቦ። ከዚያ ሌላ ዳቦ። ጾሙን ግን አልሻርኩም፤ ሙዝና ዳቦ የጾም ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሒሳቡ ላይ አንዱንም አልጻፍኩም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

መርፌው 95። ሁለቱን ስቀንስ 93። ጨምሬአለሁ።

የሚዛኑ ፊት ወደ መዛኙ ነው፤ ሻጭ የሚቆመው በጀርባው በኩል ነው። ከድርም እዚያው ቆሞ ስንት ሆነ አለኝ። ካፖርቱ ዝናብ ጠጥቷል፣ ቦቲውም ጭቃ ይዟል፤ ዛሬ አራት ነው የምቀንሰው አልኩት። 91። ይሁና አለ። እርጥብ ቡና ሲመጣ ቅናሹን ከፍ እንደምናደርግ ያውቃል፤ የለመደው ነገር ነው። ደግሞስ እኔ አይደለሁ ያልኩት? እሱ 95 ተኩል።

ሁለት ኪሎ ዋሸሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሻጭ ላይ አንድ ግራም አላጎደልኩም። ለገዛ ሆዴ ሲሆን አላፍርም ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

መርፌው 98። ከካፖርቱ ሥር ጋቢ ደርቤ ነው የሄድኩት። ለምን? ለብርዱ አይደለም። የሚቀነስ ነገር እንዲኖረኝ ነው። ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። ስምንት ቀነስኩ። 90 ነኝ አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ልብሱ ቢበዛ አራት ኪሎ ነው። ያው 94 ነኝ፣ የተነሳሁበት።

ከድር ያው 95 ተኩል፤ ንቅንቅ አላለም። ትክዝ አለ። አይርበኝም፣ በእግሬም እየሄድኩ ነው፣ ግን አልወርድ አለኝ ወላሂ አለ። አይዞህ፣ በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል ትልቅ ነገር ነው ማለት ነበረብኝ። ከሁለታችን በእውነት የቀነሰው እሱ ብቻ ነው። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

በሱቁ በኩል ሳልፍ ከድር ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ብስኩት ተከፍቷል፣ ለስላሳም። ሲያየኝ ከት ብሎ ሳቀ። ተሸነፍኩልህ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ባንተ መንገድ ነኝ፤ ሚዛን አይዋሽም፣ አንተም አትዋሽም። ሚስቱ የላከችለትን ቆጮና ባቄላ ሳህኑን ሳይከፍት መልሶታል። የሚበላውን በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል፤ ከኔ ሒሳብ ላይ ገልብጦ።

 ተው ልለው ፈለግኩ። ለምን ቢለኝስ? ጥሩ ነው አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ጥሩ ነው! አፌን ጅብ ይብላው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ከድር 95። ግማሽ ኪሎ። ደስ ብሎታል፤ እያየህ ነው? ይለኛል። እኔ 89 ተኩል አልኩ። መርፌውን አላየሁትም እንኳ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ከድርን የውኃ ጥም ይዞታል። ጆጉን ጨልጦ ሌላ ያስቀዳል። በወሬያችን መሐል ሦስቴ ለሽንት ወጣ። ውኃው ጥሙን አልቆርጥለት ሲል አንድ ለስላሳ ይጨምራል፣ በእሱ ፈንታ አንድ ብስኩት ከወረቀቱ ላይ ይሰርዛል። 1500ውን ግን አላለፍኩም ይላል። እውነቱን ነው። እሱ እኮ አይሰርቅም። ፊቱን ወደ አጥር አዙሮ ሙዝ አይውጥም። የኔን ሒሳብ እንደ ሒሳቡ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

ለአስካለ ስነግራት ድስቷን ማማሰል አቆመች። ይሄ ሰው አሞታል አለች። በልቤ ፈራሁ፣ ባፌ ሙቀቱ ነው አልኩ። ዝናብ እየዘነበ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ከድር 92። በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ!

ከሚዛኑ ወርዶ አቀፈኝ። አላህ ይስጥህ አለኝ፣ ካባቴ መንገድ አወጣኸኝ አለኝ። ዓይኑ ጎድጉዷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ቡና ቢሆን፣ በሳምንት ይሄን ያህል ከቀለለ ጆንያውን ፈትቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ፣ ምን ሆኖ ነው ብዬ ነበር የምፈትሸው። ሰው ሲሆን እንኳን ደስ ያለህ አልኩ።

89 አልኩ ለራሴ። እሱም 92ቱን ጻፍልኝ ብሎ ከሱቁ ግድግዳ ያነሣትን ወረቀት አቀበለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። 12 ሰ. ማታ

ከሆስፒታል አሁን ገባሁ። 

ከድር ሱቁ በር ላይ ወደቀ። ስኳር ሊመዝን ጎንበስ ብሎ በዚያው ቀረ። ተጠርቼ ስሮጥ ደረስኩ። በባጃጅ ወሰድነው፤ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ውኃ፣ ውኃ ይላል። ስኳሩ አለቅጥ ከፍ ብሎባት ሲስተር ገነት ሁለተኛ ለካች፣ መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብላ። አልተሳሳተም። እኛ ጉሉኮስ የምንለውን፣ ግን ስኳር የሌለበትን ፈሳሽ በክንዱ ሰክታ መድኃኒት ሰጠችው።

ሲነቃ ምን ሲበሉ ነበር ብላ ጠየቀችው። በደከመ ጣቱ እኔን አመለከተ። የእሱን ነው የምከተለው፣ እሱ አምስት ኪሎ ቀንሷል አላት። እንደሚኮራብኝ ዓይነት ነው ያለው። ሲስተር ዞራ አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ሆዴን። እውነት ነው ጋሽ ተስፋዬ? አለች።

አዎ አልኩ። ጓደኛዬ ፈሳሽ ተሰክቶለት ተኝቶ፣ አዎ አልኩ። መሬት ተከፍታ ለምን አልዋጠችኝም?

ኮሪደሩ ላይ አስረዳችኝ። አንዱ ግማሽ ልክ ነዎት አለች። ከሚያቃጥሉት በላይ ከበሉ ጎመንም ያወፍራል፣ ባቄላም ያወፍራል፤ ብዛቱ ብዛት ነው። ግን 1500 ባቄላና 1500 ለስላሳ ሆድ ውስጥ ሲገቡ አንድ አይደሉም። አንዱ ያጠግባል፣ ሥጋን ይጠብቃል፣ ስኳርን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሌላው ስኳሩን አንዴ ይደፋውና ከአንድ ሰዓት በኋላ በረሃብ ይመልስዎታል፤ ሰው የማይችለውን ሒሳብ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ይሄን ስትል ወለሉን አየሁ።

ስለ ሦስቱ ኪሎ ጠየቅኳት። ያ ጤነኛ መቀነስ አይደለም አለች። ስኳሩ ቀድሞም ሲያደባ ነበር፤ ለስላሳው አባባሰው። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት በሽንት ያፈሰዋል፣ የገዛ ሥጋውን ይበላል። ያቀፈኝ ለዚያ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ያልኩት ለዚያ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ራት አልበላም አልኩ። አስካለ ቆጮውን አቀረበችና አጠገቤ ተቀመጠች።  ከዚያ፣ ቀበቶህ እኮ ያው ቀዳዳ ላይ ነው አለች።

ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ሱሪዬን የምታጥበው እሷ፣ ኪሴ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ የምታገኘው እሷ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አንተ ለራስህ ያልነገርከውን እኔ ልንገርህ? አለች። ከድር ይተርፋል ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ይተርፋል ብላለች፤ ግን ከእንግዲህ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። እሷ አለቀሰች። እኔ ሳህኑን ወደኔ ሳብኩና በላሁ። ጠገብኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ጠገብኩ፤ ጥጋቡም አሳፈረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ዛሬም ሄጄ ነበር፤ ልነግረው። ከድር ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እሱ ቀደመኝ። ለስላሳውን እተዋለሁ፣ ሲስተር ከልክላኛለች፣ ብስኩቱን ግን እቀጥላለሁ፣ ጥፋቱ የኔ አያያዝ ነው እንጂ ያንተ መንገድማ በሚዛን የተመሰከረለት ነው አለ። ሚስቱ አጥሚት ይዛ ቆማ ነበር። ተው ስትለው፣ አንቺ ከተስፋዬ ሚዛን ትበልጫለሽ? አላት።

ሳልነግረው ወጣሁ። ስሜን ፈራሁ። የራሱን ኪሎ የሚሰርቅ መዛኝ ሲባል፣ ማን ጆንያውን ያመጣልኛል? ልብ በይ ደብተሬ፤ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው፣ እኔ የማስበው ስሜን ነው። ሰው ነኝ ብዬ ነው የምኖረው!

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ነገርኩት።

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ይሄን ተሸክሜ አልገባም አልኩ። ሚስቱን ውጪ ትንሽ ታገሺን አልኳት። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ ከድር፣ እኔ አልቀነስኩም፣ ጨምሬ ይሆናል እንጂ አልቀነስኩም አልኩት። ሳቀ። ልታጽናናኝ ነው አለ። አይደለም ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሙዙን። ዳቦውን። አራት ሲቀነስ፣ ስምንት ሲቀነስ። ጋቢውን። ስለ ጋቢው ስነግረው ሳቁ ጠፋ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢተፋብኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን፣ «የኛንስ ቡና?» አለኝ።

አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ገባኝ፤ አልጋውን ያዝኩ። በማርያም፣ በልጆቼ፣ አንድ ግራም አልነካሁም ብዬ ማልኩለት። እውነት ነው፤ ደብተሬ አንቺ ታውቂያለሽ እውነት ነው። እሱ ጣራ ጣራ እያየ፣ እኔ እኮ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ባንተ በኩል ዞሬ መርፌውን አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሩ ላይ ሚስቱን አገኘኋት። ብስኩት እንዳታስገቢ፣ የኔ ኪሎ ውሸት ነው አልኳት። አላየችኝም። ባቄላውን ልትቀቅል ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። 6 ሰ.

ይሄን የምጽፈው መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠዋት የከድር ወንድም ስድስት ጆንያ እሸት ይዞ መጣ። ሰላም አለኝ፣ ጨዋ ነው። የመጀመሪያውን ጆንያ ሚዛኑ ላይ አወጣን። ቁጥሩን ልናገር ስል ከቆመበት ለቆ በኔ በኩል ዞሮ መጣ፣ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ራሱ አነበበ። ሁለተኛውንም። ስድስቱንም።  ልክ ነበር፤ ሁሉም ልክ ነበር። ጎኑ ጎኔን ሲነካኝ ላብ አጠመቀኝ።

ከኋላው የተሰለፉት አዩ። የሚቀጥለው ሴትዮም ዞራ መጣች። ከዚያ ያኛውም። ጥቅምት ላይ አንተ ያልኳቸው ሽማግሌም ተሰልፈው ነበር። እሳቸው ብቻ ባሉበት ቆመው፣ ምንድን ነው ነገሩ፣ ምን ተገኘ ጋሼ? አሉኝ። ጋሼ አሉኝ እሳቸው።

የምሳ ሰዓት ነው ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ገባሁ። አልሄዱም። ድምፃቸው ይሰማኛል። የከድር ወንድም አልነገራቸውም፤ ሊነግራቸውም አይፈልግም። ዝም ብል፣ ነገ ሌላ ወሬ ይፈጠራል፤ በወሬው የኔ ስም ብቻ ሳይሆን ያቺ 1500 በብስኩት የምትባል መንገዴም በየቤቱ ትኖራለች። ለስንቱ ሰው ነው ያወራኋት! ከባጃጅ ነጂዎቹ ውስጥ ሁለቱ ጀምረዋታል ይባላል።

ልነግራቸው ነው። አሁን። ከራሴ ሆድ ጀምሬ፣ ከድር ምን እንደሆነ ጨምሬ፣ ሽማግሌውንም ይቅርታ ጠይቄ። ካፖርቴን አውልቄ ጆንያው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ቦቲዬንም። በካልሲ ነኝ፤ እነሱ እያዩ እወጣበታለሁ፣ ቁጥሩን ሽማግሌው ያንብቡት፣ ማንበብ ካልቻሉ የከድር ወንድም ያንብበው። በሩን ልከፍት ነው።